ኮክ የተዘፈዘፈበት ክረምት

ሐምሌ 20 ቀን 2017፣ እሑድ

ዛሬ እትዬ የሻለም አስጠሩኝ። ሆቴላቸው ውስጥ ዕቃ ማጠብ ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው፤ ቢሯቸው ስገባ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሰበርኩት ነገር ያለ መስሎኝ እጄን በሽርጤ እየጠራረግሁ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ እንጂ ብርሀንነሽ፣ ተቀመጪ» አሉኝና ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጃቸው ሄለን ናት፣ ከዱባይ። መስከረም 18 ቀለበት ልታስር ትመጣለች። መቶ ሃያ ሰው ይጠራል።

«ቤሩት እያለሽ ፍራፍሬ ብራንዲ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ኮክቴል ትሠሪ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?» አለችኝ።

እውነት ነው። ማዳም በየዓመቱ ለገና ስልሳ ሰው ትጠራ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ኮክና ብርቱካን ከትፌ፣ ቀረፋ ጨምሬ፣ ብራንዲ አፍስሼ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ሰባት ገና አሳለፍኩ። በስምንተኛው ቦምቡ መጣ፤ ሻንጣዬን ትቼ ነው የወጣሁት።

ሄለን በደስታ ጮኸች። እትዬ የሻለም ስልኩን ተቀብለው፣ «እዚህ መጋዘን ካስቀመጥነው አስተናጋጆቹ ጠብታ አያስቀሩልንም፤ ቤትሽ ይሁን። ካማረልሽ ከመስከረም በኋላ ዕቃ አታጥቢም፤ የመጠጡን ክፍል አንቺ ትይዣለሽ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ንጉሡ ትዝ ያለኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ለባሌ እንዴት እንደምነግረው ሁለት ቀን ሳስብ ቆየሁ። ንጉሡ ከጥር ማርያም ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም። እኔ ቤሩት እያለሁ ነው በመጠጥ የጠፋው። ከተመለስኩም በኋላ ጠጥቶ የሰው አይሱዙ ቦይ ውስጥ ከተተ። ሰው አልሞተም፣ መንጃ ፈቃዱ ግን ሄደ። ከዚያ ጠበል ገብቶ ሱባዔ ያዘ፤ ሲወጣ ሌላ ሰው ነበር። አሁን ወፍጮ ቤት ይሠራል።

ዛሬ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ነገርኩት።

«እዚህ ቤት?» አለ።

«ካልፈለግህ ልተወው።»

ቅንድቡን በእጁ ጠረገ። ከዚያ፣ «እኔን ፈርተሽ እንጀራሽን አትተዪ። እኔ ከጠርሙስ ጋር አብሬ መኖር ካልቻልኩ መቼም አልዳንኩም ማለት ነው» አለኝ።

ካርቶኑን ከባጃጅ ያወረደው ራሱ ነው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ። ቡፌው ውስጥ የነበሩትን ሳህኖች አውጥቶ ቦታ አዘጋጀልኝ። ሲያነሳው እጁን አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ነኝ የተንቀጠቀጥኩት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ጠይባ ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ ትሸጣለች። ጠንካራውን፣ ያልፈረሰውን ኮክ አንድ በአንድ መርጣ ሰጠችኝ። «ለምንድነው ይሄ ሁሉ?» ስትለኝ ነገርኳት። «አስተግፊሩላህ! ኮኬን ልታሰክሪው ነው?» ብላ ሳቀች። የሙስሊም እንግዶቹን ለብቻ፣ በሻይና በሎሚ እንደምሠራ ስነግራት ደስ አላት። «እሱን እኔ እከትፍልሻለሁ» አለች።

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ንጉሡ ሥራ ላይ ነው። ኮኩን አጥቤ በፎጣ አደረቅሁ፤ ውሃ ከቀረበት ያበላሻል። ፍሬውን አውጥቼ አራት አራት ቦታ ቆረጥኩት። ሦስት ትልልቅ ክዳን ያላቸው የመስታወት ማሰሮዎች። ከታች ኮክ፣ ከላይ ስኳር፣ እንደገና ኮክ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አምስት ፍሬ ቅርንፉድ። ለእያንዳንዱ አራት ጠርሙስ ብራንዲ።

ብራንዲው ኮኩ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ረስቼው ነበር። የማዳም ኩሽና ትዝ አለኝ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረው። መስኮቱ፣ ባሕሩ።

ስኳሩ መሟሟቱን ለማየት አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ካልቀመሱት አይታወቅም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

እስኪነጋ ተኛሁ! ከቤሩት ከወጣሁ ወዲህ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር፣ መኪና በጮኸ ቁጥር ብድግ የምለዋ ሴትዮ እስኪነጋ ተኛሁ። ንጉሡ ቀስቅሶኝ፣ «ዛሬስ እንደ ሕፃን ነው የተኛሽው» አለኝ። ዝናቡ ነው አልኩት። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያስተኛል።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ማሰሮዎቹን አገላበጥኩ። ቀለሙ ማር መሰለ። ቀመስኩ፤ ቅርንፉዱ ገና ነው። ነገ ጾም ይያዛል። ከዚያ በፊት ቀምሼ ልጨርስ እቸኩላለሁ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ነው። ንጉሡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይጠጣም፤ ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ቅዳሴ ይሄዳል። እኔ ሥራ አለብኝ።

ሥራ ስል ማሰሮዎቹንም ማለቴ ነው። በጾም መጠጥ አልጠጣም፣ ጠጥቼም አላውቅም። ይሄ ግን ቅምሻ ነው፤ ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ትቀምስ የለ? የመጀመሪያው ማሰሮ ትንሽ ጎደል ብሏል። ኮኩ መጦት ነው። ቤሩትም እንዲህ ይሆን ነበር።

አፌ እንዳይሸት ቅርንፉድ ቆረጠምኩ። ጾመኛ ባል አጠገብ መሽተት ደግ አይደለም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ዛሬ ሆቴሉ ውስጥ የሰማሁት ነገር አንጀቴን አቃጠለው። ዕቃ እያጠብኩ ሁለት አስተናጋጆች ከጀርባዬ ያወራሉ።

«እትዬ የሻለም አብደዋል እንዴ? በንጉሡ ቤት ብራንዲ?»

«ድመት ጋ ወተት አደራ እንደማለት ነው።»

ሳቁ። ሳህኑን ደጋግሜ አጠብኩት፣ አንዱን ሳህን።

ቤት ስገባ ቡፌውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ማሰሮ ከትከሻው በታች ወርዷል። ኮክ ይህን ያህል አይመጥም። ኮኩ አይደለም።  ማሰሮው ላይ፣ ከመጠጡ ልክ፣ ጥቁር ክር አሰርኩበት።

ምነው እግዚአብሔር፣ ስድስት ወር ሙሉ አምኜው!

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ክሩ ከመጠጡ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ቀረ።

ንጉሡ ሽሮውን እየበላ ነበር። አላስቻለኝም።

«ብራንዲው እየጎደለ ነው» አልኩት።

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የተቆጣ ሰው ዓይን አልነበረም። ተነስቶ መጣና አፉን ከፍቶ ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ሽሮና ዝንጅብል ነው።

«ሌላ ጥያቄ አለሽ?» አለኝ።

«ጠጥተሃል አላልኩህም።»

«አላልሽም።»

ተመልሶ ተቀመጠ፤ ምግቡን ግን አልጨረሰም። ሲወጣ ዝንጅብሉን አሰብኩ። ለምን ዝንጅብል ያኝካል? አፉን ሊሸፍን ካልሆነ።

በነገሩ በጣም ስለተበሳጨሁ ቀመስኩ። ሁለት ማንኪያ ነው። ሦስት።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ፍልሰታ ተፈታ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ራሴን ፈልጦኝ አደረ፤ ብርዱ ነው። ንጉሡ ብቻውን አስቀድሶ ተመለሰ፤ የያዘልኝን ጠበል አልጋው አጠገብ አስቀምጦ ግንባሬን ዳሰሰኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ይህን ያደረግሁት ስላኮረፍኩት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ማሰሮ ግማሽ ሆነ። ኮኩ ከላይ ወጥቶ አየር መትቶት ጠቁሯል።

ለቡፌው ቁልፍ ገዛሁ። አንዱን መክፈቻ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት፣ ሌላውን መጥበሻው ሥር ደበቅኩት፤ ንጉሡ ወጥ ቤት ዕቃ አይነካም። እንግዲህ እናያለን።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

እንደገና ጎደለ። ተቆልፎ!

መክፈቻ አስቀርጾ መሆን አለበት። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ብረት ሠሪ አለ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ካልጻፍኩት ግን ነገ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ።

ከሆቴል ቀድሜ ወጣሁ። አንድ ብርጭቆ ሰብሬ እትዬ የሻለም፣ «ምን ነካሽ ሰሞኑን?» ብለውኝ ከፍቶኝ ነበር። ቤት ገብቼ ትንሽ አረፍ አልኩ። ንጉሡ ሲመጣ ደጁ ላይ ጠበቅሁት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ድምፄን ነው። ጠይባ ከአጥሯ በላይ ብቅ አለች፤ ልጆች ቆሙ። ሌባ አልኩት። ሰካራም አልኩት። «የሰባት ወር ጾምህ ለሰው ማስመሰያ ነበር!» አልኩት። ጠበሉንም ሱባዔውንም አነሳሁበት።

ንጉሡ ጮኾ አልመለሰም። እንደ ድሮው ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማው ነበር። ቀስ ብሎ ቀረበኝና እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«ብርሀኔ፣ መክፈቻው እኮ ያለው አንገትሽ ላይ ነው» አለኝ።

ያለው ይህን ብቻ ነው። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ሄደ። አቀስታ፣ እህቱ ሐረግ ጋ። ልብሱን በፌስታል ይዞ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣ። «ለጥቂት ቀን ነው፣ የእህቴን በረት አድሼላት እመለሳለሁ» አለኝ። ሰው የሚሰማ ይመስል እንዲህ ማለት ለምን አስፈለገው? ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ይሻላል። አሁን መጠጡ ይረጋል።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጎደለ።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ተንኗል። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም። ብራንዲ ይተናል፤ ማንም ያውቃል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

የሩፋኤል ዝናብ ነው፤ ልጆቹ ራቁታቸውን ደጅ ይጠመቃሉ። እኔ አልጋ ውስጥ ነበርኩ። ጠይባ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በሳህን ትኩስ ቂጣ ይዛለች።

«ሥራ አልሄድሽም?»

«አሞኝ ነው።»

ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።  ከዚያ፣

«ብርሀንነሽ፣ ጠላቴ በይኝ ግድ የለም፤ ግን ወላሂ ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል። ንጉሡ ከሄደ ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ፣ አሥር።»

«ቡፌው ውስጥ ያለውስ? ቆሟል?»

ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ሳብኩ።

«እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም» አለች፣ «ሽታው ግን አይጠፋኝም፤ አጎቴ በእሱ ነው የሞተው። አሁን ይሸተኛል። ከአልጋሽ ነው የሚሸተኝ።»

ውጪልኝ አልኳት። አንቺ ሃይማኖትሽ ስለማይፈቅድ ሁሉ ሰካራም ይመስልሻል አልኳት። ከዚህ የከፋም ተናግሬያለሁ። ጠይባን! ከቤሩት ባዶ እጄን ስመጣ ፍራሽ ያዋሰችኝን። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ቂጣውን ትታልኛለች። እስካሁን እዚያው ነው።

መጠጡን ለካሁት። የመጀመሪያው ማሰሮ አልቋል። ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሦስተኛው ብቻ ሙሉ።

ሁለት ሰው ከነበረበት ቤት አንዱ ወጥቷል። ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 1 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ንጉሡ ደወለ። «እንኳን አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።» አልበላሁም።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው» አለኝ፤ የሚኮራ ሳይሆን የደከመ ድምፅ ነበር። ልነግረው ፈልጌ አፌን ከፈትኩ። «ሰላም በልልኝ ሐረግን» አልኩና ዘጋሁት።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

እትዬ የሻለም ዝግጅቱ እንዴት ነው አሉኝ። «ሁለት ጠርሙስ ለማረሚያ ቢጨመር ጥሩ ነው» አልኳቸው። የደሴ መንገድ ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል፤ የጭነት መኪና አይገባም። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከተማው ውስጥ የቀረውን ብራንዲ ሌላ ባለ ድግስ ጠርጎታል። «ያለውን አብቃቂ እንጂ!» አሉ።

አረቄ ከሚያወጡት ከእማማ ብዙዬ ቤት ሄድኩ። አምስት ሊትር ጀሪካን አስሞላሁ።

«ለድግሱ ነው እማማ።»

«ባለፈውም ለድግሱ ነው ብለሽ ወስደሽ የለ እንዴ ልጄ? ብዙ ደጋሽ ሆንሽ» አሉኝ፣ ያለ ክፋት። አንድ አረቄ የሚጠጡ ሽማግሌ ከጥግ ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ያ አተያይ መሰሉን ያወቀ ጠጪ አተያይ ነው።

ቤት መጥቼ ስኳር እስኪጠቁር አቃጠልኩ፣ ሻይ አወፈርኩ፣ አረቄውን በዚያ አቀላሁት። የጠቆረውን ኮክ ጥዬ ጠይባ ሳታየኝ ከሌላ ነጋዴ አዲስ ገዛሁ። ማሰሮዎቹ ሦስቱም ሙሉ ናቸው አሁን። ዓይን ለሚያየው ማር ነው።

ቀመስኩት። ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሁለተኛው ያን ያህል አይቧጥጥም።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ሄለን መጣች። ዱባይ ያፈካት፣ ሳቋ ቤት የሚሞላ ልጅ። አቀፈችኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ነበር። በመለኪያ ቀዳሁላት። ዓይኗን ጨፍና አጣጣመች።

«ጥሩ ነው! ትንሽ... ከበድ ይላል አይደል?»

«በሎሚና በለስላሳ ስናቀጥነው ይስተካከላል።»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለች። አመነችኝ። በእሷ ቀን ላይ፣ መቶ ሃያ ሰው ፊት፣ አመነችኝ። እትዬ የሻለም መለኪያዋን ተቀብለው አሸተቱና አዩኝ። 

መስከረም 18፣ እሑድ፣ ጠዋት

አጥልያለሁ። ኮኩን ለብቻ፣ መጠጡን ለብቻ። ሎሚ ተጨምቋል። የሙስሊሞቹን ኮክ ጠይባ ከትፋ በልጇ ልካልኛለች፤ ራሷ አልመጣችም። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሎሚ ስከትፍ ቢላው ቆረጠኝ። ለማረጋጋት ያህል ብቻ። ዛሬ እንዳላበዛ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ። አሁን ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጠጡን በትልቁ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ ቀጫጭን ሎሚ ከላይ አንሳፍፌ፣ አስተናጋጆቹ በጭልፋ እየቀዱ አዞሩት። ወደዱት። ወጥ ቤት ሆኜ ሰማኋቸው፤ «ይሄ ምንድነው? ከየት የመጣ ነው?» ይላሉ። ሳቁ እየጨመረ፣ ጭፈራው እየሞቀ። እኔም ከጀሪካኑ የተረፈውን እየቀመስኩ ነበር።

እየጠጣሁ ነበር።

ሄለን ከአዳራሹ፣ «የሠራችዋን ሴት አምጡልኝ!» ብላ ጮኸች። እትዬ የሻለም መጥተው ሽርጤን ፈቱልኝ፤ ፊቴን አይተው እጃቸው ቆመ። «ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ባዶ እጄን መግባት አሳፍሮኝ ሁለተኛውን ጎድጓዳ ሳህን ተሸክሜ ገባሁ። ጭብጨባ ሆነ። ሄለን በነጭ ቀሚስ፣ እጇን ዘርግታ መጣች። ከእሷ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ወለሉ ከሥሬ ሄደ።

ሳህኑ ተሰበረ። መጠጡና ሎሚው ቀሚሷ ላይ፣ እስከ ደረቷ። እኔ ከመስታወቱ መሐል በጉልበቴ ነኝ። ልነሳ ሞከርኩ፤ እንደገና ወደቅሁ። ያኔ ሁሉም ገባቸው። ሙዚቃውን አንድ ሰው አጠፋው።

እትዬ የሻለም፣ «ደክሟት ነው! ሦስት ቀን አልተኛችም» አሉ፤ ጎትተው አነሱኝ። በበሩ ስወጣ ከወንበሮቹ መሐል አንዲት ሴት፣

«የንጉሡ ሚስት ናት እኮ። እሱ ነው ያስለመዳት» ስትል ሰማኋት።

«አይ ንጉሡ! እሱ ጠፍቶ እሷንም አጠፋ» አለ ሌላው።

ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። አሳፋሪው መውደቄ አይደለም፤ ይህ ነው። መዞር እችል ነበር። አይደለም፣ እሱ ስምንት ወር አልቀመሰም ማለት እችል ነበር። በእሱ ላይ መጫናቸው ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ቢያንስ እኔ ብቻ አልሆንኩም ብዬ።

በማግስቱ ሄለን የላከችው ሰው ጉልበቴን ማሠሪያ ፋሻ አመጣልኝ። እትዬ የሻለም የላኩት ደግሞ መልእክት ነበር፤ ሥራ እንዳልመጣ።

መስከረም 22፣ ሐሙስ፣ አቀስታ

ጠዋት ከመሳፈሬ በፊት የጠይባን በር አንኳኳሁ። «እኔ ነኝ፣ ልክ ነበርሽ» አልኳት። አልቅሳ አቀፈችኝ። «ሂጂ፣ ቤቱን እኔ አይልሻለሁ» አለችኝ። ጀሪካኑን ደጅ ደፋሁት፤ ከመድፋቴ በፊት ግን ጠጣሁ። ይህን መጻፍ አለብኝ።

አቀስታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ንጉሡ የእህቱን በረት በር ሲገጥም አገኘሁት። መዶሻውን አስቀመጠ።

«መጣሽ?»

«የጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅርንፉድ መቆርጠም ስትጀምሪ። እኔም ዝንጅብል የማኝከው ለዚያው ነበር፣ ድሮ። ልማድ ሆኖብኝ ቀረ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሰው ፊት ሌባ ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔንስ ስንት ሰው ነገረኝ? ሰማሁ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ተራርቀን። ልመለስ ይላል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለኝ፦

«የሄድኩት ስለሰደብሽኝ አይደለም ብርሀኔ። አጠገቤ ስትተኚ ትንፋሽሽ ይመጣብኛል። የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ዓይኔን አልከደንኩም። አንድ ቀን ስትተኚ አንገትሽ ላይ ያለውን መክፈቻ በእጄ ይዤው ነበር። ያዝኩት፣ ለቀቅሁት። ሲነጋ ሄድኩ።»

እኔ ስከሰው እሱ ይህን ተሸክሞ ነበር። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም።

ከፊቱ ሆኜ ለእትዬ የሻለም ደወልኩ። «ንጉሡ አይደለም። እሱ ጠብታ አልነካም። እኔ ነኝ፤ ብራንዲውን ጠጥቼ በአረቄ የተካሁትም እኔ ነኝ። ሰው በእሱ ሲያወራ ይህን ይንገሩልኝ» አልኳቸው።  «ሰምቻለሁ» ብለው ዘጉት። ይንገሩ አይንገሩ አላውቅም።

«አብረን ወደ ቤት እንመለስ?» አልኩት።

«ገና ነው» አለ። «አሁን አንድ ቤት ከገባን ሁለታችንም እንጠፋለን። አንቺ እዚህ ሐረግ ጋ ትተኛለሽ። እኔ የጎረቤት በረት አለልኝ።»

መስከረም 23፣ ዓርብ

ሲነጋጋ መንቀጥቀጥ ጀመረኝ። ላብ፣ ማስታወክ። ሐረግ ጋቢ ደርባ ብትሸፍነኝም አልሞቅ አልኩ። ንጉሡ ምልክቱን ስለሚያውቀው ቤት አላስቀመጠኝም፤ «ይሄ በጠበል ብቻ አይሆንም፣ እኔ ልሞት ነበር» ብሎ ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት። ካርድ አወጣች፣ ስም ጻፈች፣ ዕድሜ ጻፈች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «በቀን ምን ያህል ትጠጫለሽ?» አለችኝ።

ትንሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ለቅምሻ ያህል ልላት ነበር። ንጉሡ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል፤ አልረዳኝም።

«ግማሽ ጠርሙስ» አልኩ። «አንዳንዴ ከዚያ በላይ።»

ጻፈችው። ሌላ ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልተደፋም። መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ነገም ተመለሺ አለችኝ።

አሁን ሐረግ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፌ የሕፃን ይመስላል። ንጉሡ ከውጭ ሚስማር ይመታል፤ በየጥቂቱ ያቆምና፣ «አለሽ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ።

ዛሬ አልጠጣሁም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ቀኑ ገና አላለቀም።